ዳዊትን በአስታማሚነት ጊዜ መማር

በዚህች መጽሔታችን ብዙውን ጊዜ ስለ ፈተና፣ ስለ ንጽሕናና ስለ ኳስ ውድድር ይጻፋል፤ ይህም መልካም ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ማስታመምና ስለ ሐዘን ነው። በዚያ ጊዜ ዳዊትን መማር ምን እንዳደረገልኝ ላካፍላችሁ ፈልጌአለሁ።

ለምን ይህን መረጥሽ ብትሉኝ፣ በየክፍላችን ሕመምተኛ የሚያስታምሙ ልጆች ስላሉ ነው። ጠዋት ዘግይቶ የሚገባ፣ ከረፍት በኋላ ወንበሩ ባዶ የሚሆን፣ የቤት ሥራውን ሳይሠራ የሚመጣ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። አንዳንዱ ሌሊቱን እናቱን ሲያገላብጥ፣ አባቱን ደግፎ ሲያስነሣ፣ የታናሽ እህቱን ትኩሳት በእርጥብ ጨርቅ ሲያበርድ ያደረ ነው። አስተማሪ ሲጠይቀው «እንቅልፍ ጣለኝ» ይላል እንጂ የቤቱን ጉዳይ አያወጣም። እኔ እዚህ ካኩማ በአማርኛ ክፍል ረዳት ሆኜ ስሠራ እንዲህ ያሉትን ልጆች ቶሎ እለያቸዋለሁ። እኔም አንድ ዓመት ከስድስት ወር በዚያው ኑሮ ውስጥ አልፌአለሁና።

ስለ እናቴ ጥቂት ልንገራችሁ። እናቴ የተወለደችው ጎጃም ነው። አባቷ የንባብ መምህር ነበሩ፤ በግቢያቸው የዳዊት ተማሪዎች ጠዋትና ማታ ያነበንቡ ነበር። ሴት ልጅ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጣ እንድትማር በዚያ ዘመን አይፈቀድም ነበርና እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን ጥጥ ስትፈትል፣ ጤፍ ስታበጥር፣ በግድግዳው በኩል የሚመጣውን ድምፅ ጆሮዋ ይሰበስብ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለች አብዛኛውን ዳዊት በግዕዙ በቃሏ ያዘችው። ትርጉሙን ግን የነገራት ሰው አልነበረም። አባቴ ወታደር ስለነበር በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ተሻገርን፤ ያን ጊዜ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዋልዳ ከሚባለው ካምፕ ቆይተን ወደ ካኩማ መጣን። ካኩማ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን መጀመሪያ የገቡት ከሱዳን በእግራቸው የመጡ ልጆች ነበሩ፤ የእኛም ሰዎች ተከትለው ገቡ። አባቴ እዚሁ አረፈ። ከዚያ ወዲህ እናቴና እኔ ሁለታችን ነበርን።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. አንድ ጠዋት እናቴ ከመኝታዋ መነሣት አቃታት። ጎረቤት «ምች ነው» አለ፤ ክሊኒኩ «ስትሮክ ነው» አለ። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ከዷት፤ ንግግሯም ተዘጋ። የሚነገራትን ትሰማለች፣ ዓይኗ ሰውን ያውቃል፤ ነገር ግን «ውኃ» ልትል ስትሞክር ሌላ ድምፅ ይወጣታል። ያንን ድምፅ ራሷ ስትሰማው ፊቷን ወደ ግድግዳው ትመልሳለች። አፈ ሙሉ ለነበረች ሴት ይህ ከእግሯ የባሰ ነበር።

ያስታመመ ሰው ያውቀዋል፤ ያላስታመመ ደግሞ ቢያውቀው ይጠቅመዋል። መንቀሳቀስ የማይችል ሕመምተኛ በአንድ ጎኑ ብዙ ከተኛ ገላው ይቆስላል። ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ ሌሊትም ቢሆን። ጉልበቶቹ እንዳይፋተጉ በመካከላቸው የተጣጠፈ ጨርቅ ይደረጋል። ምግብ ሲሰጠው ቀና ተደርጎ ይቀመጣል፤ ተጋድሞ የዋጠ እንደሆነ ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል። አጥሚት ወፈር ተደርጎ፣ በትንሽ ማንኪያ፣ እስኪውጥ እየተጠበቀ ይሰጣል። ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ የክሊኒኩ ነርስ ናት። ውኃ ቀድቶ፣ እንጨት ፈልጎ፣ ራሽን ተሰልፎ ተቀብሎ፣ ልብስ አጥቦ ይህንንም መጨመር ለአንድ ሰው ብዙ ነው። ድካሙን እንኳ ሰው ይችለዋል። ከድካም ጋር የሚመጣ ሌላ ነገር አለ፤ ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም እንጂ ሁሉም ያስታመመ ያውቀዋል። ንዴት ነው። በማን እንደምትናደዱ የማታውቁት ንዴት። በሕመሙ፣ በሙቀቱ፣ በአቧራው፣ «እግዚአብሔር ይማርልሽ» ብሎ ሻይ ጠጥቶ በሚሄደው ሰው፣ በሰማዩም ጭምር። ይህ ስሜት የመጣባችሁ ልጆች ካላችሁ ክፉ ስለሆናችሁ እንዳይመስላችሁ።

አሁን ወደ ዳዊቱ ልመለስ። በዚያው ዓመት በጥር ወር አንድ አዛውንት ቄስ ሊጠይቁን መጥተው ከአልጋዋ አጠገብ ቆመው ከዳዊቱ አንዱን መዝሙር በግዕዝ መድገም ጀመሩ። መካከል ላይ ሳል ያዛቸውና አቋረጡ። ከዚያ እናቴ ቀጠለችው። ጥርት ባለ ድምፅ፣ አንድም ቃል ሳትስት እስከ መጨረሻው አወረደችው። እኔ ስኒ ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። ቄሱ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ሁለት ወር ሙሉ ውኃ ማለት ያቃታት ሴት!

ጎረቤቱ ተአምር ነው አለ። እኔም ተአምር ነው የሚለውን አልከለክልም። ነርሷን ስጠይቃት ግን ይህ በብዙ አገር በብዙ ሕመምተኛ ላይ የታየ ነገር መሆኑን ነገረችኝ። ሰው ከልቡ አውጥቶ አዲስ ነገር ሲናገርና ከልጅነቱ በቃሉ የያዘውን ሲያወርድ አንጎል የሚሠራው ሥራ አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ንግግር የተዘጋበት ሰው ጸሎትን፣ ዘፈንን፣ ቁጥርን ሊል ይችላል። አንደኛው በር ቢዘጋ ሌላው በር ክፍት ይቀራል ማለት ነው። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ካለ ከልጅነቱ የሚያውቀውን ዜማ ጀምሩለት፤ ኦርቶዶክስም ይሁን ሙስሊም ወይም ጴንጤ፣ የየራሱ አለው።

በማግስቱ ወደ የኔታ ሄድኩ። የኔታ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ከኒም ዛፍ ጥላ ሕፃናትን ያስተምሩ ነበር።

«የኔታ፣ ዳዊት እንዲያስተምሩኝ ፈልጌ ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

«ስንት ዓመትሽ ነው ልጄ?»

«ሠላሳ ሦስት።»

«እስከ ዛሬ ምነው? አሁንስ ምን ተገኘ?»

«እናቴ የቀራት ንግግር እሱ ብቻ ነው። እኔ ካላወቅሁት ከማን ጋር ታውራ?»

የኔታ ጭራቸውን እያወዛወዙ ጥቂት ዝም አሉና «ሰኞ ነይ፤ በሰኞው እንጀምራለን» አሉኝ።

በሰኞው ማለታቸው እንዲህ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሏል። የሰኞ ከ1 እስከ 30፣ የማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ የረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ የሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ የዓርብ ከ111 እስከ 130፣ የቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ነው። እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ይደገማል። አንዱ ቀን 30፣ ሌላው 20 የሆነው ለማድላት አይምሰላችሁ፤ የመዝሙሮቹ ርዝመት ልዩ ልዩ ነው። ዓርብ 20 ብቻ ቢሆንም 118ኛው በውስጡ አለበት፤ እሱ ብቻውን 176 ቁጥር አለው።

ይህ አከፋፈል ለእኔ ምን እንደሆነልኝ ላስረዳችሁ። አስታማሚ ቀን የለውም። ሰኞው ከሐሙስ፣ ሌሊቱ ከቀኑ አይለይበትም፤ ሁሉም አንድ ረጅም ነገር ነው። ዳዊቱን ከያዝኩ ወዲህ ግን ሰኞ ሰኞ ሆነ። በዚያ ላይ ቤታችን ሰዓት አልነበረም፤ የስልኬም ባትሪ ቶሎ ያልቅ ነበር። በእኔ ዘገምተኛ ንባብ የሰኞው 30 መዝሙር ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ 30ኛው ሲያልቅ እናቴን አገላብጣታለሁ። በሌሎቹም ቀናት የት ደርሼ እንደማቆም ምልክት አደረግሁ። ገላዋ እስከ መጨረሻው አልቆሰለም። ነርሷ «በምን ሰዓት ነው የምትቆጣጠሪው?» ብላ ስትጠይቀኝ «በዳዊት ነው» አልኳት፤ የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

ንባቡ ቀላል አልነበረም። ፊደሉን ባውቅም የግዕዝ ንባብ የራሱ አካሄድ አለው። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉ አሉ፤ ድምፁ የት ላይ እንደሚያርፍ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። የኔታ ዘንድ በሳምንት ሦስት ቀን ለአንድ ሰዓት እሄድ ነበር፤ ያን ሰዓት ጎረቤቶች በተራ ከእናቴ ጋር ይቀመጡልኝ ነበር። ዋናው ትምህርት የነበረው ግን ቤት ነው። አጠገቧ ተቀምጬ ሳነብ፣ ወዳቂውን ተነሽ ካደረግሁት እናቴ ግራ እጇን ከፍ ታደርጋለች። ዝም እላለሁ። ከዚያ የመዝሙሩን ቤት ከመነሻው ጀምራ፣ ቃሉን በትክክለኛ ቦታው አሳርፋ ታልፈዋለች። ፊደል ያልቆጠረች ሴት፣ ግማሽ ጎኗ የማይታዘዛት፣ መምህሬ ሆነች። ከዚያ በፊት ቀኑን ሙሉ እኔ ለእሷ የማደርገው ብቻ ነበር፤ ማብላት፣ ማጠብ፣ ማልበስ። ከዚያ ወዲህ እሷም ለእኔ የምትሰጠው ነገር ተገኘ። የፊቷን መልክ ብታዩት ኖሮ ይህን ሁሉ ወረቀት ባላባከንኩ ነበር።

የኔታ አንድ ነገር አጥብቀው ይሉ ነበር፦ «ንባብ ብቻውን ማሰሮ ነው፤ ምን እንዳለበት እይ።» ስለዚህ የተነበበውን መዝሙር ወደ አማርኛ እየመለሱ፣ በአንድምታውም መንገድ «አንድም» እያሉ ይተረጉሙልኝ ነበር። ይኸው ንግግር ለዳዊት ለራሱ፣ አንድም ባቢሎን ለተማረኩት፣ አንድም ለሌላ ይሆናል። እኔ ከዚያ በፊት መዝሙር ማለት ምስጋና ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሲተረጎምልኝ ግን ከምስጋናው ይልቅ አቤቱታው እንደሚበዛ አየሁ። 12ኛውን ተመልከቱ። አጭር ነው፤ ግን እስከ መቼ የሚለው ጥያቄ አራት ጊዜ ይደጋገምበታል። ሰው ለእግዚአብሔር እንዲህ ብሎ ይናገራል? ይናገራል፤ ያውም በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ፣ በየሳምንቱ ሰኞ እንዲደገም ታዞ። ያ በማን እንደምናደድ የማላውቀው ንዴቴ መሄጃ አገኘ።

70ኛውን የተማርኩበት ቀን ከሁሉም አይረሳኝም። ያ መዝሙር ጉልበቱ ያለቀ ሽማግሌ፣ ሳረጅ አትጣለኝ ብሎ የሚለምንበት ዓይነት ጸሎት ነው። እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትደግመው ኖራለች፤ ትርጉሙን ግን አታውቀውም። በዚያ ማታ በአማርኛ ነገርኳት። ብዙ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ በግዕዙ ከመጀመሪያው ጀምራ፣ በዝግታ፣ ቃል በቃል እየቆመች አለችው። የምታውቀውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማች ትመስል ነበር። ሁለታችንም አለቀስን። ልቅሶው ግን የማያደክም ልቅሶ ነበር።

ሌላው 87ኛው ነው። አብዛኞቹ የአቤቱታ መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ወደ ተስፋ ይመለሳሉ። ይህኛው አይመለስም። ሲያጨልም ጀምሮ በጨለማ ያበቃል፤ ወዳጅም ጎረቤትም ርቆ። የኔታን «ለምን እንዲህ ቀረ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የጸለየው ሰው መጨረሻውን አላሳመረም። የሰበሰቡትም አባቶች አላሳመሩለትም፤ እንዳለ ተቀበሉት» አሉኝ። እኔ እላችኋለሁ፣ በዚያን ጊዜ ከሰማሁት የማጽናኛ ቃል ሁሉ የጠቀመኝ ይኸው ነው። ሰዎች «አይዞሽ፣ ያልፋል» ሲሉኝ መልስ መስጠት ነበረብኝ። 87ኛው መልስ አይጠይቅም።

እዚህ ላይ ስለ ቁጥሩ አንድ ነገር ላስታውስ፤ ልጆች በዚህ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። ስለ እረኛው የሚናገረው መዝሙር በግዕዙ ዳዊት 22ኛ ነው፤ ጴንጤዎቹ ልጆችና በስዋሂሊው «ዛቡሪ» የሚያነቡት ደግሞ 23ኛ ነው ይላሉ። ሁሉም ልክ ናቸው። ግዕዙ የሰባ ሊቃናት የሚባለውን የግሪክ ትርጉም ይከተላል፤ በእሱ ደግሞ በዕብራይስጥ 9ኛና 10ኛ የሆኑት እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ በአብዛኛው በአንድ ያንሳል፤ ወደ መጨረሻው፣ ከ148ኛው ጀምሮ እንደገና ይገጥማል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀምኩት የግዕዙን ቁጥር ነው። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ደግሞ እናቴን ሊጠይቁ ሲመጡ፣ ለነቢዩ ዳውድ የተሰጠው ዘቡር በቁርአንም እንደተጠቀሰ ነግረውኛል። እናቴ ስትደግም ዝም ብለው ይሰሙ ነበር።

118ኛውን የፊደል ተማሪዎች ብታዩት ትወዱታላችሁ። 22 ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 8 ቁጥር። 22 የሆነው የዕብራይስጥ ፊደላት 22 ስለሆኑ ነው። በዕብራይስጡ የአንዱ ክፍል ቁጥሮች ሁሉ በአንድ ፊደል ይጀምራሉ። በግዕዙ ይህ ባይቻልም የፊደላቱ ስም፣ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እየተባለ በየክፍሉ ራስ ላይ ተጽፏል። በግዕዝ ፊደል በማተሚያ ቤት የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍም ይኸው ዳዊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1513 ሮማ ውስጥ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ፣ እዚያ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ አሳተመው። እነዚያ መነኮሳት እንደኛ ስደተኞች ባይሆኑም ከአገራቸው እጅግ ርቀው የነበሩ ናቸው። ይዘው የሄዱት ዳዊታቸውን ነበር።

እናቴ በግንቦት 2012 ዓ.ም. ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ አረፈች። ወቅቱን ታስታውሱታላችሁ። ኮሮና ገብቶ ከመጋቢት ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድም እንዲሁ። ለቀብር የሚወጣው ሰው በቁጥር ነበር። ድንኳን አልተጣለም። ንፍሮ አልተቀቀለም። እድራችን ገንዘቡን አምጥቶ ከበር ላይ ሰጥቶኝ ተመለሰ። በአገራችን ሥርዓት ሰው ሲሞት ካህናቱ ዳዊቱን ተከፋፍለው ይደግሙለታል። በዚያ ሌሊት የመጡት የኔታና አንድ ዲያቆን ብቻ ነበሩ፤ እነሱም አፋቸውን ሸፍነው፣ ተራርቀው ቆመው። የኔታ ወደ እኔ ዘወር ብለው «የሐሙሱን አንቺ ያዢው» አሉኝ። ያዝኩት። 87ኛው ያለው በሐሙሱ ውስጥ ነው። እሱ ላይ ስደርስ ድምፄ አልወጣም፤ የኔታ ሳይቸኩሉ ጠበቁኝ፤ ከዚያ ቀጠልኩ።

ለቅሶ ሳይደረስለት የቀረ ሰው ሐዘኑ ሌላ ነው። በካምፓችን በዚያ ዓመት እንዲህ የሆነበት ብዙ ቤት አለ፤ ስለዚህ ዝርዝሩን አላበዛም። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። የዳዊት ቤቶች በአብዛኛው ሁለት ክንፍ አላቸው፤ የመጀመሪያው ክንፍ ያለውን ሁለተኛው በሌላ ቃል ይደግመዋል ወይም ያሟላዋል። እናቴና እኔ እየተቀባበልን ነበር የምንለው፤ አንደኛውን እኔ፣ ሁለተኛውን እሷ። ከቀብሩ በኋላ መጽሐፉን ስገልጥ አንደኛውን ክንፍ አልኩና ዝም አልኩ። አፌ የእሷን ተራ ይጠብቅ ነበር። መጽሐፉን ዘጋሁት። እስከ ዐርባዋ ድረስ መድገም አልቻልኩም።

በዚህ ጊዜ የረዳኝ መገልበጥ ነው። መድገም ያቃተው እጅ መጻፍ አያቅተውም። አንድ ደብተር ገዝቼ ከ1ኛው ጀምሬ በእጄ መገልበጥ ያዝኩ፤ ግዕዙን በግራ ገጽ፣ አማርኛውን በቀኝ። ሲጻፍ ድምፅ የለም፤ ስለዚህ የሚጠበቅ ተራም የለም። በቀን ሁለት መዝሙር፣ አንዳንድ ቀን አንድ። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ የጎረቤት ልጆች ምን እንደምጽፍ ለማየት ይመጡ ጀመር፤ በሩ ላይ ተራርቀው ይቀመጣሉ። አንዷ ልጅ አባቷ ኩላሊቱን ታምሞ በዚያው ጊዜ እሷ ነበረች የምታስታምመው። ዕድሜዋ 12 ነው። «ይህ ሰውዬ ለምን ይጮሃል?» አለችኝ፤ 21ኛውን እየገለበጥኩ ነበር። «ስላመመው ነው» አልኳት። «ጮኾ ማንም አልተቆጣውም?» አለችኝ። እንዳልተቆጡት፣ እንዲያውም ጩኸቱን ጽፈው እንዳስቀመጡለት ስነግራት ደብተሯን አምጥታ መገልበጥ ጀመረች። ትምህርት ቤቶች በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ሙሉ በሙሉ እስኪከፈቱ ድረስ የሰኞውን ጨርሳለች። አባቷ አሁንም ያማቸዋል፤ እሷ ግን አብራኝ ታነባለች፤ ወዳቂውን ተነሽ ስታደርገው እጄን ከፍ አደርጋለሁ።

ወላጆች፣ ለእናንተ አንድ ቃል አለኝ። ሐዘን ወይም ሕመም በቤታችሁ ሲገባ ልጁ ዝም ብሎ ሲሠራ አይታችሁ «ጎበዝ ነው፣ እንደ ትልቅ ሰው ቻለው» አትበሉ። ምናልባት የሚጮህበት ቦታ አጥቶ ይሆናል። ደግሞም ዳዊት መድኃኒት ነው እያልኩ አይደለም። ሕመምተኛ ወደ ክሊኒክ ይወሰድ፤ የታዘዘለትን ይዋጥ። እናቴን ዳዊት አላዳናትም። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ግን አነጋገራት፤ እኔንም ከእሷ ጋር አገናኘኝ።

ለትናንሾቹ ደግሞ፣ ከ150ው በኋላ ከቁጥር ውጭ የሚባል አንድ ትንሽ መዝሙር አለ፤ 151ኛው። ዳዊት ራሱ ስለ ልጅነቱ የሚናገርበት ነው፤ ከወንድሞቹ ሁሉ ያነሰ፣ የአባቱን በጎች የሚጠብቅ ልጅ እንደነበረ። በእሱ መጀመር ትችላላችሁ፤ ቶሎ ያልቃል።

የቀናቱን አከፋፈል በትልልቅ ፊደል ጽፌ በአማርኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከኒሙ ሥር አብረን እንገለብጣለን፤ መገልበጥ የፈለገ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ይምጣ። ያለን ዳዊት አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ብዙ ስለተገለጠ ከ140ኛው እስከ 143ኛው ያሉት ቅጠሎች ተቀድደው ጠፍተዋል። በቤቱ ሙሉ ዳዊት ያለው ወላጅ ለሁለት ቀን ቢያውሰን እነዚያን ገልብጠን፣ በጨርቅ ጠቅልለን እንመልሳለን።